የአርፋጅ ዓረፍተ ነገር

ታኅሣሥ 6፣ 2001፣ ሰኞ

ርዕሰ መምህራችን አቶ ዋቅጋሪ ዛሬ ስለ አርፋጅ ተማሪዎች ሲናገሩ ዋሉ። ከዞን ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው፤ ሲመጣ ሜዳው ላይ የሚንቀዋለል ተማሪ እንዳያይ እያንዳንዱ መምህር የራሱን መላ ይፈልግ ተባለ። እኔ መላዬን እዚያው ተናገርኩ። በአሥረኛ ኤ፣ በእኔ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያረፈደ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ፣ አነባበቡን አሳምሮ፣ "አይ አም ሶሪ፣ አይ አም ሌት" ይላል። ካለ ይገባል። ካላለ በሩ ይዘጋል፣ ቀሪ ተብሎም ይመዘገባል። ሰበብ አልሰማም፤ በአማርኛም ቢሆን፣ በኦሮምኛም ቢሆን።

መምህራኑ ሳቁ። አቶ ዋቅጋሪ "ወልደገብርኤል ቅጣቱንም ትምህርት አደረገው" አሉ። ደስ አለኝ፤ ምን ይደበቃል። ነገሌ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፣ እስከ ዛሬ በስብሰባ ላይ ስሜ በደግ ተነስቶ አያውቅም። ስንወጣ ኪዳነምሕረት ጠጋ አለችኝ። የአሥረኛ ቢ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ባሏ የጦር ካምፑ ውስጥ መኮንን ነው። "በግድ የተባለ ይቅርታ ምን ይጠቅምሃል?" አለችኝ። የማስተምረው አነባበብ ነው አልኳት።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

መብራት ጠፋ። የፕላዝማዋ አስተማሪ አፏን እንደከፈተች ጨለመች። የእኔ ትምህርት የሚጀምረው ያኔ ነው።

ተጽፈው የማይነበቡ ፊደሎችን አስተማርኩ። "ናይፍ" ሲጻፍ ፊት ለፊቱ ኬ አለች፣ አትነበብም። "ሊስን" ውስጥ ቲ አለች፣ አትነበብም። "አይላንድ" ውስጥ ኤስ አለች፣ እሷም ዝም ናት። ኢያድ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ እጁን አወጣና ካልተነበቡ ለምን ይጽፏቸዋል አለ። በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀኝ፤ ከክፍሌ በር ወዲህ ሌላ ቋንቋ አይነገርም፣ ሕጌ ነው። "እንግሊዝ ሀብታም ነው፣ ፊደል አይቆጥብም" አልኩት። ሳቁ።

ከኋላ ሎኮ አረሮ እጇን አነሳች። ያገባች ናት፤ ከክፍሉ ልጆች በዕድሜ ከፍ ትላለች፤ ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በእግሯ ትመጣለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ "ቲቸር፣ ያቺን ፊደል የማይጠሯት አክብረዋት ነው?" አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ፤ እኔም ሳቅሁ። "አይደለም፣ አርጅታ ነው" አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ጻፈች።

ጆሮዋ ግን የጉድ ነው። ስትረስ ላይ፣ ማለትም ከአንድ ቃል የትኛው ክፍል ጫን ተብሎ እንደሚወጣ ስንለማመድ፣ የካምፕ ልጆች "ቀኝ ዙር" እንደሚባል የቃሉን ክፍል ሁሉ እኩል ይጭኑታል። እሷ "ፎቶግራፍ" ስትል መጀመሪያው ላይ፣ "ፎቶግራፈር" ስትል ሁለተኛው ላይ፣ አንዴ ሰምታ ያለ ስህተት አለችው። በሦስት ዓመት እንዲህ ያለ ጆሮ አላጋጠመኝም።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

አቶ ዋቅጋሪ ሻይ ቤት ስለ ሎኮ ነገሩኝ። ቀበሌዋ እየጠበቃት ነው። አሥረኛን ከጨረሰች ለጤና ኤክስቴንሽን ሥልጠና ሊልኳት ተስማምተዋል። እዚያ መንደር ከእሷ ሌላ አሥረኛ የደረሰች ሴት የለችም። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ እስከ ከተማ ነው የምትመጣው፤ ባለፈው ዓመት የባሏ እህት መንገድ ላይ ቀርታለች። እንድትማር የፈቀዱት አማቷ ናቸው አሉ፤ ባሏ ዳዳቻ እንኳ ሲያመነታ ነበር።

ጎበዝ ናት አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ታኅሣሥ 20፣ ሰኞ

ሎኮ አረፈደች። መንደሯ አጠገብ ያለው ኩሬ ደርቆ ውሃ ሩቅ ነው የሚቀዱት አሉ። ቦና ነው፣ የዚህ አገር በጋ፤ ሁሉም ደርቋል። ለማንኛውም ሰበብ አልሰማም ብያለሁ።

በሩ ላይ ቆማ "ሜይ አይ ካም ኢን፣ ቲቸር?" አለች። ጥሩ ነው፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ እሱ አይደለም። "ዓረፍተ ነገሩን በይና ግቢ" አልኳት። ዝም። መሬት መሬት ታያለች። ደገምኩላት። ዝም። ኢያድ ተነስቶ "ቲቸር፣ እሷ እኮ..." ሲል "ኢንግሊሽ!" ብዬ ጮህኩበት። ራሱን አከከ፣ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ፣ ተቀመጠ። ተሳቀበት።

በሩን ዘጋሁ። ቀሪ ብዬ መዘገብኳት።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ደግሞ አረፈደች። ደግሞ ዝም። "ኤክስኪዩዝ ሚ" አለች፣ "ፕሊስ" አለች፤ የተባለችውን ብቻ አትልም። ከእሷ በኋላ ያረፈደው የካምፕ ልጅ ሀምዛ በሩጫ መጥቶ "አይ አም ሶሪ፣ አይ አም ሌት!" ብሎ ገብቶ ተቀመጠ። አየሽ፣ አይገድልም አልኳት። እሷ አላየችኝም።

እልኸኛ። ይቅርታ ማለት የሚያዋርዳት ይመስላታል።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ዛሬም ውጭ ናት። ግን ወደ ቤቷም አልሄደችም። ክፍሉ ተከትሎኝ "ኮምፒውተር፣ ሆቴል፣ ፖሊስ" እያለ ስትረስ ሲለማመድ ከመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ ለብቻው ይመጣል። "ሆቴል" ሲባል ክፍሉ ሁሉ መጀመሪያው ላይ ጫነው፤ መስኮቱ ሥር ያለው ድምፅ መጨረሻው ላይ ጫነው። ትክክል የነበረው ውጭ ያለው ነው።

ቀሪ ብዬ መዘገብኳት። ክፍል ውስጥ አልነበረችማ።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ክፍሌን አየ፤ ሙሉ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ በሩ ዝግ ነው። ሲወጣ ሎኮን መስኮቱ ሥር ደብተር ይዛ ተቀምጣ አያት። "ይቺ ማን ናት?" አለ። "አርፋጅ ናት" አልኩት። "እንዲህ ነው እንጂ ሥርዓት!" አለና ጨበጠኝ።

ኪዳነምሕረት መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ለእኔ እንዳልሆነ አድርጋ፣ ለሻይዋ የምትናገር መስላ፣ "እኔ ጋ ብትመጣ ይሻላት ነበር፣ የሚያሳድዳት ሰው የለኝም" አለች። ጠመኔዬን አንስቼ ወጣሁ።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ሎኮ ዛሬ በጊዜ መጣች። በጊዜ በመጣች ቀን ማንም አይነካትም፤ ይህን ልጻፈው። ምንባቡን እንድታነብ አስነሳኋት። ደህና እያነበበች መጥታ "ሶልጀር" የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ዘላው ሄደች። አንድ ቃል ጎድሏል፣ መልሺ አልኳት። መለሰችና "ዘ ማን ዊዝ ዘ ጋን" አለች። የካምፕ ልጆች አጨበጨቡ። መጽሐፉ ላይ ያለውን አንብቢ አልኳት። ቆመች። ላብ ግንባሯ ላይ አየሁ። የሚዘለል ፊደል አለ፣ የሚዘለል ቃል የለም አልኳት። ተቀመጠች። ዜሮ ሰጠኋት።

ማታ ስጽፈው ትንሽ ይከብደኛል። ቃሉ እኮ ከባድ አይደለም። ከእሱ ስንት እጥፍ የሚከብዱትን ብላለች። ሆነ ብላ ነው የምታደርገው፣ ግን በእኔ ላይ ምን አላት? እኔ የጠላችኝ አስተማሪ መሆኔ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። ከእሷ በፊት የጠሉኝ ተማሪዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ግን መስኮቴ ሥር ተቀምጠው አልተማሩም። ምን አገባኝ። ሕግ ሕግ ነው።

ጥር 28፣ ሐሙስ

በችኮላ። የሴሚስተር ውጤት አስረክቤያለሁ። ሎኮ አረሮ፦ ቀሪ የበዛባት። አቶ ዋቅጋሪ "ደንቡ ከዚህ በላይ አያስኬድም፣ ስሟ ይሰረዛል" አሉ። "እንደ ደንቡ ይሁን" አልኩ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ትምህርት ተጀምሯል። ሎኮ የለችም። መስኮቱ ሥር ማንም የለም። ለማስተማር ይመቻል።

የካቲት 13፣ ዓርብ

ዛሬ "ሆቴል"ን ደገምነው። ሁሉም ተሳሳቱ። ሳላስበው ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ከየት ልጀምር።

የምኖረው በእትዬ ፉዚያ ግቢ ነው፤ ሱቃቸው ከፊት ነው፣ የእኔ ክፍል ከኋላ። ከሰዓት በኋላ ሳሙና ልገዛ ብቅ ስል ሎኮ ሱቁ ውስጥ ቆማለች። "ጉድ አፍተርኑን፣ ቲቸር" አለችኝ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ። ስትረሱ እንኳ አልተዛነፈባትም። እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

ለእትዬ ፉዚያ በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር ነገረቻቸው። እሳቸው ፈገግ ብለው አንድ ሙሉ ከረጢት ጨው አወጡላት። ከፍላ፣ ከረጢቱን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ወጣች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ "ለጨው ይህ ሁሉ ንግግር?" አልኩ።

"ጨውን በስሙ አትጠራውማ" አሉኝ። "በእኛ ቋንቋ ሶጊዳ ነው። እሷ 'ከብት የሚልሰውን፣ ወጥ የሚያስተካክለውን ስጡኝ' ነው ያለችው። አማቷ ሶራ ይባላሉ። ተድራ የገባች ሴት የአማቷን ስም በአፏ አታነሳም፤ እሱን ብቻ አይደለም፣ እንደ ስሙ የሚጀምረውንም ቃል ሁሉ ትተዋለች። ላጉ ይባላል። ደህና ያደገች ልጅ ናት፣ አንዴ እንኳ ሲያመልጣት አልሰማሁም።"

"በእንግሊዝኛም?" አልኳቸው።

"አፍ ያው አፍ ነው፣ መምህር። አማቷ በምን ቋንቋ ተሰደቡ ብለው ይጠይቃሉ እንዴ?" አሉና ሳቁ። እኔ አለመሳቄን ሲያዩ ተዉት። "ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ።"

ነገርኳቸው። በሩን፣ ዓረፍተ ነገሩን፣ ሶልጀርን፣ ዜሮውን፣ ሁሉንም። ሳሙናውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ሰሙኝ። "ያ አላህ" አሉ። "ልጂቱን ስላከበረች ነው ያባረርካት? ማንንም አልጠየቅክም?" ኢያድ ሊነግረኝ ተነስቶ እንደነበር አስታወስኩ። በምን ቋንቋ ይንገረኝ፣ እኔው ዘግቼበት።

"ጨውን ይህን ያህል ምን ታደርገዋለች?" አልኳቸው፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

"ነገ ከብቱን ይዘው ውሃ ወዳለበት ሊወርዱ ነው። ትምህርት ካለቀ ቤት ምን ትሠራለች፣ እሷም አብራ ትወርዳለች።"

በሩ ላይ ወጥቼ አየሁ። መንገዱ ጫፍ ላይ ከረጢቱ ይታየኛል። መጥራት እችል ነበር፤ ሮጬም እደርስባት ነበር። አልጠራኋትም። ጠርቻት ምን እላለሁ? አፍሬ ነው። ሰው ባፈረ ቁጥር እግሩ ይታሰራል፣ የእኔም ታሰረ። አሁን ደግሞ እንቅልፍ የለም።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ጠዋት ክፍል ገብቼ የአርፋጅ ዓረፍተ ነገሩ ቀርቷል አልኩ። ሀምዛ "ይስ!" አለ። ኢያድ ግን አላለም።

ከዚያ አቶ ዋቅጋሪ ቢሮ ገባሁ።

"የሎኮን ስም መመለስ ይቻላል?"

"ቀሪ ብለህ የሞላኸው አንተ ነህ።"

"ነበረች። መስኮቱ ሥር ነበረች። በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ።" ስለ አማቷ ስም ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሚስቴ የአባቴን ስም ጠርታ አታውቅም" አሉ። "እሷ ጋ ይህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ... የአማቷን ስም ማን አስቦት? እኔም እልኸኛ መስላኝ ነበር።"

"አንድ ሰው ሊነግረኝ ይችል ነበር።"

"ሰበብ አልሰማም ያልከው አንተ አይደለህ?" አሉ፣ ሳይቆጡ። የሞላሁት ቀሪ ስህተት መሆኑን ጽፌ ከፈረምኩ ስሟ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብኛል፣ ለዞንም ይደርሳል። የተፈታኞች ዝርዝር መጋቢት 11፣ ዓርብ ማታ ይላካል። እስከዚያ እሷ ራሷ መጥታ መፈረም አለባት፤ ካልፈረመች ዘንድሮ አትፈተንም፣ ቀበሌውም ሌላ ሰው ይልካል።

ጽፌ ፈረምኩ። የዝውውር ማመልከቻዬ ዞን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማስጠንቀቂያው አጠገቡ ይቀመጣል። ይቀመጥ።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ከእትዬ ፉዚያ ጋር መንደሩ ደርሰን ተመለስን። ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግር። ትናንት ለምን አልሄድኩም? ከትናንት ወዲያስ? ቀን ሥራ ነበረብኝ እላለሁ። ፈርቼ ነው።

አባ ሶራ ግራር ሥር ተቀምጠዋል፤ ረዥም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። "አካም፣ ናጋ" ተባባሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ፤ እኔ እንደ ዕቃ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ወተት ሰጡኝ። ከዚያ እትዬ ፉዚያ ነገሩን ነገሯቸው። ሽማግሌው እኔን ሳይሆን መሬቱን እያዩ ነበር የሰሙት።

እትዬ ፉዚያ መልሳቸውን ወደ አማርኛ መለሱልኝ። "ትምህርቱ አልቋል ብላ ነበር የመጣችው። ለምን ስንላት ዝም አለች። ዳዳቻ ሰነፍ ሆና ነው የጣሏት አለ፤ እኔም አመንኩት።" እንዴት ትንገራቸው? ልትነግራቸው ያቺን ቃል ማንሳት አለባት፣ ያውም በፊታቸው።

"ቃሏ ምንድን ናት?" አሉ።

ተናገርኳት። እትዬ ፉዚያ ወደ ሌላ ቦታ ዞር አሉ። ሽማግሌው ቃሏን ለራሳቸው አንዴ አሏት፤ ደስ ያላቸውም የከፋቸውም አልመሰለኝም። ትርጉሟ ምንድን ነው አሉ። "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ ማለት ነው" አልኩ።

"ጥፋቷ ውሃ መቅዳቷ ነው?"

ሎኮ የት እንደምትገኝ ጠየቅኋቸው። ከብቱ ወዴት እንደወረደ በእርግጥ አያውቁም፤ ሣር ወዳለበት ነው የሚሄዱት። ሰው እልካለሁ፣ ከደረሰባቸው ትመጣለች አሉ። ካልደረሰባቸውስ አልኩ። "ዋቃ ያውቃል" አሉ፤ ፈጣሪን ማለታቸው ነው።

ስመለስ እትዬ ፉዚያን በኦሮምኛ ይቅርታ እንዴት እንደሚባል እንዲያስተምሩኝ ጠየቅኋቸው። "ዲፈማ" ነው፤ ግን መጀመሪያው ላይ ያለው "ዲ" የእኛ "ዲ" አይደለም፣ ምላስ ወደ ላንቃ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ሞከርኩ። ደግሜ ሞከርኩ። "ደህና ጤነኛ ቃል ነበር፣ አንተ አፍ ገብቶ ታመመ" አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ሳቁብኝ። ይገባኛል።

መጋቢት 6፣ እሁድ

አልመጣችም። ከመንደሩ የመጣ ሰው ገበያ ላይ አግኝቼ ጠየቅሁ፤ የተላከው ሰው አልተመለሰም።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

የለችም። የውሃ ቦቴው ዛሬ አልመጣም፣ ከተማው ሁሉ ጀሪካን ይዞ ተሰልፏል። እኔም ተሰለፍኩ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ አረፈድኩ። ተማሪዎቹ ምንም አላሉኝም።

መጋቢት 9፣ ረቡዕ

የለችም።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

የለችም። አቶ ዋቅጋሪን አንድ ሳምንት ጨምሩ ብዬ ለመንኩ። "ዝርዝሩ የእኔ አይደለም" አሉ። ኪዳነምሕረት ሰምታ ወጣች፤ ስትመለስ ሻይ አስመጥታልኛለች። ሻይዋን ጠጣሁ። እንዲህ መሆኔን ሳይ ለራሴ ይገርመኛል፤ የአንድ ተማሪ ስም ነው እንጂ የራሴ ሞት አይደለም። ግን በወሊድ ቀን ቃሬዛ የሚጠብቁት ሴቶች ሐሳቤ ውስጥ ገብተው አልወጣ ብለዋል።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

መጣች።

ቢሮው ሊዘጋ ሲል። አቶ ዋቅጋሪ ፖስታውን አሽገው ነበር፣ መልሰው ከፈቱት። ከአባ ሶራ ጋር ነው የመጣችው፤ እሳቸው በዱላቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ፣ ሁለቱም ከላይ እስከ ታች አቧራ ናቸው። ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው ሄደው ያመጧት፤ የላኩት ሰው መንገድ ስቶ ተመልሶባቸው። በዚያ ዕድሜ፣ በዚህ ፀሐይ! ፈረመች። አባ ሶራ ወንበር ሲሰጣቸው እምቢ ብለው ቆመው ጠበቋት።

እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ያዘጋጀኋትን ቃል ልላት ተነሳሁ፤ እግሮቿን አየሁና ተውኩት። ውሃ አመጣሁላቸው። ጠጡ። ሄዱ።

ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል፣ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይከለከላል እንዴ?

መጋቢት 14፣ ሰኞ

ከደወሉ በፊት በረንዳው ላይ ጠበቅኋት። ስትመጣ "ዲፈማ" አልኳት። እሁድን ሙሉ ተለማምጄ ነበር፣ ያም ሆኖ የወጣው ያው የታመመው ነው። በአጠገባችን የሚያልፉ ልጆች አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፣ አላረመችኝምም። እኔ ብሆን አርም ነበር።

"ገባኝ ቲቸር። አመሰግናለሁ" አለች፣ በአማርኛ።

"ሕጉ ቀርቷል። አሁን ብታረፍጂም ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ።"

"ኢያድ ነግሮኛል።" ደብተሯን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። "ቲቸር፣ እኔ ቢ ልገባ ነው። አቶ ዋቅጋሪን ጠይቄ ፈቅደውልኛል።"

ለምን ማለት አልነበረብኝም። አልኩ።

"አንቱ ክፍል ስሆን ጆሮዬ በሩ ላይ ነው" አለች። "ትምህርቱን አልሰማውም። ፈተናው ደርሷል፣ መስማት አለብኝ።" ቁጣ የለባትም። የገበያ ዋጋ እንደሚነገር ነው የነገረችኝ፤ ያን ያህል ያሰበችበት ነገር ነው።

እሺ አልኳት። እውነቷን ነው። ደወሉ ተደወለ፣ ገብቼ አስተማርኩ። ምን እንዳስተማርኩ አሁን ትዝ አይለኝም።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ማስጠንቀቂያው ደረሰኝ። የዝውውሩ መልስም አብሮ መጣ፦ ዘንድሮ አይሆንም። እትዬ ፉዚያ "እሰይ፣ የኪራይ ቤቴ ባዶ አይሆንም" አሉ፣ ሊያስቁኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘግቼ ቆየሁ፤ ቤቴን፣ እናቴን አሰብኩ። አለቀስኩ ማለት አልፈልግም።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

መምህራን ክፍል። ኪዳነምሕረት ለሌሎቹ ስትናገር ሰማሁ፦ "አዲሷ ልጅ ፊት ወንበር ነው የምትቀመጠው። ለእኔ እንኳ ያልተሰማኝን ስትረስ ነው የምታርመኝ። ማን እንዳስተማራት እንጃ።" ቀና ብላ አየችኝ። ወረቀት ሳርም ነበር፤ ማረሜን ቀጠልኩ።

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ

ዝናቡ ገብቷል። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ሲጮህ አደረ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ሳቂታ ሆኗል። ኩሬው ሞልቷል አሉ፣ ከብቱም ወደ መንደሩ ተመልሷል። ሎኮ ውሃ ፍለጋ ሩቅ አትሄድም፤ አሁን ከሁሉም ተማሪ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

እኔም ማልጄ እገባለሁ። ልጽፈው ነው እንግዲህ፦ ለእሷ ብዬ ነው። ኢያድ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ነበር፤ እሷ የነበረችበት ቦታ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ አልኩት። ለምን እንዳልኩት አልጠየቀኝም።

ዛሬ ጠዋት ጭቃዋን ደረጃው ላይ አራግፋ በክፍሌ በር በኩል መጣች። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼዋለሁ። ቆም አለች፤ "ጉድ ሞርኒንግ፣ ቲቸር" አለችኝ። "ሞር" ላይ ጫን አድርጋ፣ እንዳስተማርኳት። "ጉድ ሞርኒንግ፣ ሎኮ" አልኳት።

ከዚያ አልፋ ወደ ቢ ገባች።